ልብ ከሆስፒታል ውጭ ሲቆም፦ ኤክሞ ይሻላል ወይስ እዚያው ደረት መጫን?

ጥያቄው የመጣው ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ነው። ሟች የ52 ዓመት ሰው ነበር። ሳሎኑ ውስጥ ወደቀ፣ አምቡላንስ መጣ፣ ብዙ ተለፋበት፣ አልተረፈም። እህትየው የቡና ስኒዋን ወለሉ ላይ አስቀምጣ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ነርስ ነሽ፤ ያ ልብን የሚተካው ማሽን ቢደረግለት ኖሮ ይተርፍ ነበር አይደል?» አለችኝ። ለቅሶ ላይ እንዲህ ላለ ጥያቄ መልስ አይሰጥም። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብዬ ዝም አልኩ።

ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም። የምኖረው ሚኒሶታ ነው፣ የምሠራው አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ውስጥ ነው፣ ሚኒያፖሊስ ደግሞ የዚህ ማሽን፣ የኤክሞ፣ ወሬ በብዛት ከሚነሳባቸው ከተሞች አንዷ ናት። አበሻ ሲሰበሰብ ነገሩ በተነሳ ቁጥር ክርክሩ «ማሽኑ ያድናል»፣ «የለም፣ የገንዘብ ጨዋታ ነው» ከሚለው አይወጣም። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ስለዚህ ያሉትን አማራጮች አንድ በአንድ እናንሳቸው።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እናጥራ። «ሃርት አታክ» እና የልብ መቆም የተለያዩ ናቸው። ሃርት አታክ ላይ ለልብ ጡንቻ ደም የሚያደርሰው ደም ስር ይዘጋል፤ ሰውየው ግን «ደረቴን» እያለ ያወራል፣ ያልበዋል፣ በእግሩ ሄዶ ሆስፒታል የሚገባም አለ። ልብ ሲቆም ሰውየው ይወድቃል፣ ቢጠሩት አይሰማም፣ አይተነፍስም። አንዳንዱ እንደ ማንኮራፋት ያለ የተቆራረጠ ድምፅ ያሰማል፤ ይቺ ብዙ ሰው ታሞኛለች፣ «እየተነፈሰ ነው» ሲባባሉ ደቂቃው ያልቃል። የመጀመሪያው ሁለተኛውን ሊያመጣ ይችላል፣ ብዙ ጊዜም ያመጣል።

ኤክሞ ምን ይሠራል?

ኤክሞ የልብንና የሳንባን ሥራ ከሰውነት ውጭ ሆኖ የሚሠራ ማሽን ነው። በብሽሽት በኩል ሁለት ወፋፍራም ቱቦዎች ይገባሉ። አንዱ በደም መልስ ገብቶ እስከ ልብ ቀኝ ክፍል ይዘልቅና ደም ይስባል። ፓምፑ ደሙን በኦክስጅን መስጫው ውስጥ አሳልፎ በሌላኛው ቱቦ ወደ ደም ቅዳ ይመልሰዋል፣ በደቂቃ 3 ወይም 4 ሊትር ያህል። አልጋው አጠገብ ስደርስ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው ቱቦዎቹ ቀለም ላይ ነው። የሚወጣው ጠቆር ያለ፣ ፈልቶ የቆየ ከርከዴ የመሰለ። የሚመለሰው ደማቅ ቀይ። ሁለቱ አንድ መልክ ካላቸው የሆነ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው፣ ሐኪም እጠራለሁ።

ልብ በሉ፣ ማሽኑ ልቡን አያክመውም። የሚሰጠው ፋታ ነው። በዚያ ፋታ ሐኪሞቹ የተዘጋውን የልብ ደም ስር በስቴንት (ደም ስሩን ከፍቶ በሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) ይከፍታሉ፣ አንጎልና ኩላሊት ደም ሳይቋረጥባቸው ይቆያሉ፣ ልቡም በቀናት ውስጥ ራሱን ሊያነሳ ይችላል። በእጅ ደረት መጫን ደግሞ በጥሩ ሁኔታ ተሠርቶ እንኳ የሚያደርሰው ደም ጤነኛ ልብ ከሚገፋው ከ25 እስከ 30 ከመቶ ቢሆን ነው። በዚህ ዓይን ካየነው ማሽኑ አቻ የለውም። ችግሩ ማሽኑ ጋ እስኪደረስ የሚያልፈው ጊዜ ነው።

አንደኛው አማራጭ፦ ወድቆ የተገኘበት ቦታ ላይ መሥራት

ደረት መጫን፣ ሾክ (የኤሌክትሪክ ምት) መስጠት፣ መድኃኒት፣ አየር። ቡድኑ ከቦታው አይነቃነቅም። ለብዙው ሰው አሁንም ትክክለኛው ምርጫ ይኼ ነው፣ ሰው ግን ይንቀዋል። «ለምን ቶሎ አንስተው አልወሰዱትም?» የሚለውን ወቀሳ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ መሰላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ትልቅ የሰሜን አሜሪካ ጥናት ይህን አይቶታል። ልባቸው ገና ሳይመለስ ተጭነው ወደ ሆስፒታል ከተወሰዱት መካከል በሕይወት የወጡት 4 ከመቶ ናቸው። ተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ሆነው ቦታው ላይ ሥራው ከቀጠለላቸው ደግሞ 8.5 ከመቶ። ምክንያቱ አይደንቅም። በሚሮጥ መኪና ውስጥ ቆሞ ደረት መጫን አውቶቡስ ውስጥ ሊጥ ማቡካት በሉት፤ ጥልቀቱም ምቱም ይበላሻል። ሆስፒታሉ ሲደረስ የሚሰጠው ሕክምና ያው ፓራሜዲኩ (የአምቡላንሱ ሕክምና ባለሙያ) ሲሰጥ የነበረው ከሆነ ደግሞ ጉዞው ምንም አላተረፈም።

ኳስ የምትከታተሉ ፋብሪስ ሙዋምባን ታስታውሳላችሁ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2012፣ ቶተንሃም ከቦልተን። ልቡ 78 ደቂቃ በራሱ አልመታም፣ 15 ጊዜ ሾክ ተደርጎለታል፣ ዛሬም በሕይወት አለ። ኤክሞ አልነበረም፤ ግን ከወደቀበት ቅጽበት ጀምሮ ደረቱ ላይ እጅ ነበረበት። ክርስቲያን ኤሪክሰን እ.ኤ.አ. በ2021 ኮፐንሃገን ላይ ሲወድቅ ደግሞ እዚያው ሜዳው ላይ በሾክ ተመለሰ፣ በኋላም ተመልሶ ተጫወተ። የላስ ቬጋስ ካሲኖዎች የጥበቃ ሠራተኞቻቸውን በኤኢዲ (ማንም ሊጠቀምበት በሚችለው የሾክ መሣሪያ) አሠልጥነው የተጠናው ጥናትም አለ፤ በ3 ደቂቃ ውስጥ የመጀመሪያውን ሾክ ካገኙት 74 ከመቶ ተርፈዋል፣ ከ3 ደቂቃ በኋላ ካገኙት 49 ከመቶ። ሾክ የሚያደርጉት ዘበኞች ናቸው እንጂ ሐኪሞች አይደሉም። በአሜሪካ በአጠቃላይ ከሆስፒታል ውጭ ልባቸው ከቆመ ሰዎች የሚተርፉት ከ10ሩ 1 ያህል ናቸው፣ ልዩነቱን እዩት።

ሁለተኛው፦ የሾኩን አቅጣጫ መቀየር

ይህን ከሕክምናው ሰው ውጭ የሚያወራው የለም፣ የሚገባውን ያህል ቦታ ያልተሰጠውም ይኼ ይመስለኛል። አንዳንድ ልብ 3 ጊዜ ሾክ ተደርጎለትም ይርገበገባል እንጂ ደም አይገፋም። ካናዳ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ እንዲህ ያሉ 405 ሰዎችን በ3 ከፍለው አዩአቸው። ለአንደኛው ክፍል እንደተለመደው ቀጠሉ። ለሁለተኛው ሾኩ የሚያልፍባቸውን ተለጣፊዎች ከደረትና ከጎን አንስተው በደረትና በጀርባ አደረጓቸው። ለሦስተኛው ሁለት መሣሪያ አምጥተው ሾኮቹን በቅጽበት ልዩነት አከታትለው ሰጡ። ተርፈው ከሆስፒታል የወጡት በቅደም ተከተል 13.3፣ 21.7 እና 30.4 ከመቶ ነበሩ። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው።

ተለጣፊ ከጎን ወደ ጀርባ ማዞር ስንት ያስወጣል? ምንም። ስለ ኤክሞ መኪና በጀት ሲከራከር የሚውል የአምቡላንስ አስተዳደር ፓራሜዲኮቹን ይቺን አሠልጥኖ ካልጨረሰ ነገሩን ከጫፉ ነው የጀመረው።

ሦስተኛው፦ በማሽን እየተጫነ ኤክሞ ወዳለበት ሆስፒታል መሮጥ

እዚህ ነው ክርክሩ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ 3 ሾክ አልሠራም፣ ሰውየው በዕድሜም በሁኔታም ይመጥናል፣ ሆስፒታሉ ቅርብ ነው። ደረቱ ላይ ሉካስ የሚባል የሲውዲን መሣሪያ ይገጠማል። የመሣሪያው ክንዶች በሰውየው ጀርባ በኩል ይታሰራሉ፣ ከላይ ያለው ፒስተን ሳይደክም ይጫናል። ሉካስ ራሱ ብቻውን ከሰው እጅ በልጦ ብዙ ሰው እንደሚያተርፍ አልታየም፤ የሚጠቅመው መኪናው እየሄደ ሥራው እንዳይቋረጥ ነው። ሆስፒታል ሲደረስ ቱቦዎቹ ይገባሉ፣ ከዚያ በቀጥታ የልብ ደም ስር ወደሚከፈትበት ክፍል።

ሦስት ጥናቶችን ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል። ሰው የሚወደውን አንዱን ብቻ እያነሳ ነው የሚከራከረው።

የሚኒያፖሊሱ እ.ኤ.አ. በ2020 ወጣ። ተራ ሕክምና ካገኙት 15 ሰዎች 1 ተረፈ፤ ኤክሞ ካገኙት 14 ሰዎች 6 ተረፉ። ልዩነቱ ሰፊ ስለነበር ጥናቱ ቀድሞ ተቋረጠ። ነገር ግን ተመልከቱ፣ 30 ሰው እንኳ አይሞላም። የፕራጉ በ2022 ወጣ፣ 256 ሰዎች። ቶሎ ተጭነው ወደ ኤክሞ ከተወሰዱት በ6 ወራቸው አእምሯቸው ጤነኛ ሆኖ የተገኙት 31.5 ከመቶ፣ ቦታው ላይ ከቀጠሉት 22 ከመቶ። ይሻላል ያሰኛል፣ በስታቲስቲክስ ሚዛን ግን «ተረጋግጧል» ለማለት አልበቃም። የኔዘርላንዱ በ2023 ወጣ፣ 10 ሆስፒታሎች፣ 134 ሰዎች። 20 ከመቶ ለ16 ከመቶ። እኩል ነው ማለት ይቻላል።

ታዲያ ያው ማሽን እንዴት በሦስት አገር ሦስት መልስ ሰጠ? ሚኒያፖሊስ ላይ ከጥሪው እስከ ኤክሞ 59 ደቂቃ ያህል ነበር፣ ፕራግ 61፣ ኔዘርላንድ ላይ ደም መዞር እስኪጀምር 74። ሚኒያፖሊስ ላይ ቱቦ የሚያስገባው አንድ ትንሽ ቡድን ነው፣ ሥራው ከእጁ አይወጣም። ኔዘርላንድ ላይ ለ10 ሆስፒታል ሲከፋፈል ለአንዱ በዓመት የሚደርሰው ጥቂት ነው፤ ለኤክሞ ከተመደቡት 70 ሰዎች ማሽኑ በተሳካ ሁኔታ የጀመረላቸው 46ቱ ናቸው። የማይነቃ ሰው ብሽሽት ውስጥ፣ ደረቱ በየሰከንዱ እየዘለለ፣ በአልትራሳውንድ እያዩ ጣት የሚያክል ቱቦ ደም ስር ውስጥ ማስገባት በወር አንዴ ተሠርቶ የሚለመድ ሥራ አይደለም። እኔ ብጠየቅ ሚኒያፖሊስን ያሸነፈው ቡድኑ ነው ባይ ነኝ፤ ማሽኑማ የትም ይገዛል።

ጉዳቱንም አንሸፋፍን። ደሙ ቱቦው ውስጥ እንዳይረጋ ደም ማቅጠኛ ይሰጣል፣ ስለዚህ ደም ይፈሳል። ወፍራሙ ቱቦ የእግሩን ደም ስር ስለሚዘጋው ለእግሩ ሌላ ቀጭን ቱቦ ይገባለታል፤ ያም ሆኖ በየሰዓቱ ብርድ ልብሱን ገልጬ የእግሩን ጣቶች እዳስሳለሁ፣ ሙቀቱን ከሌላኛው እግር ጋር አመሳክራለሁ። ስትሮክ አለ፣ ኢንፌክሽን አለ። ልቡ በማሽኑ ቆሞ አእምሮው የማይመለስም አለ። ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው።

አራተኛው፦ ማሽኑን ወደ ሰውየው ማምጣት

ፈረንሳይ ውስጥ አምቡላንስ ላይ ሐኪም ይወጣል። የፓሪሱ የአምቡላንስ አገልግሎት፣ ሳሙ፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ቱቦውን ቦታው ላይ ያስገባል፤ መንገድ ላይ፣ ሜትሮ ውስጥ፣ ሉቭር ሙዚየም ውስጥ ሥዕል ስር ሳይቀር ተሠርቷል። ሚኒሶታም በራሷ መንገድ ሄደችበት። መጀመሪያ ቡድኑ በመኪና ወደ አካባቢው ድንገተኛ ክፍሎች እየሄደ ያስገባ ነበር፤ ከመጀመሪያዎቹ 58 ሰዎች 43 ከመቶ ተርፈዋል። ቀጥሎ ራሱን የቻለ የኤክሞ ትራክ መጣ፣ ሄልምስሊ የተባለው በጎ አድራጎት ድርጅት በሰጠው 18.6 ሚሊዮን ዶላር ለጠቅላላው ሥራ። ሁሉም ግን አስቀድመው የተመረጡ ታካሚዎች ናቸው፣ እንደ ሦስቱ ጥናቶች በዕጣ የተከፋፈሉ አይደሉም፤ ቁጥሩን ከላይኛው ጋር በቀጥታ እንዳታወዳድሩት።

ይህ መንገድ የሚያዋጣው ከተማው ትልቅና መንገዱ የተጨናነቀ ሲሆን፣ ሠርቶ የማይደክም ቡድን ሲኖር፣ ገንዘቡም ከዓመት ዓመት ሲቀጥል ነው። አንድ ጊዜ በሪባን ቆረጣ ተመርቆ ከዚያ ጋራዥ የሚቆም ትራክ ለማንም አይበጅም።

ታዲያ ለማን የትኛው?

ለኤክሞ የሚመረጠው ሰው በብዛት እንዲህ ነው፦ ሲወድቅ ያየው ሰው አለ። በ5 ደቂቃ ውስጥ ደረቱ መጫን ተጀምሯል። የመጀመሪያው የልብ ምት ሾክ የሚደረግለት ዓይነት ነው፣ የሚርገበገብ እንጂ መስመሩ ቀጥ ያለ አይደለም። ዕድሜው ከ70 ወይም ከ75 በታች ነው። በ60 ደቂቃ ውስጥ ማሽኑ ሊጀምር ይችላል። ቀድሞ የማይድን ሕመም የለበትም። ከእነዚህ ሁለት ሦስቱ ከጎደሉ የመጀመሪያው አማራጭ ላይ መቆየት ይሻላል፣ ከሁለተኛው ጋር።

በረዶ የያዘው ሰው ልዩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ኖርዌይ ውስጥ አና ቦገንሆልም የተባለች ሐኪም በረዶ ስር 80 ደቂቃ ቆየች፣ የሰውነቷ ሙቀት እስከ 13.7 ዲግሪ ወርዶ ነበር። በልብና ሳንባ ማሽን ደሟን አሙቀው መለሷት፣ ወደ ሥራዋም ተመለሰች። ብርዱ አንጎሏን ጠብቆላታል። እንዲህ ያለ ሰው ሲገጥም ከላይ የጻፍኩት የደቂቃ ሒሳብ አይሠራም።

አዲስ አበባ ላለ አንባቢ ሦስተኛውና አራተኛው ለጊዜው ወሬ ናቸው። የማሽኑ ታላቅ ወንድም፣ የቀዶ ሕክምናው የልብና ሳንባ ማሽን፣ ጥቁር አንበሳ ግቢ ባለው የልብ ማዕከል ይሠራል፤ ግን እሱ ቀጠሮ ይዞ የሚገባ ነው። ለዚያ አንባቢ ምርጫው እጅና ኤኢዲ ነው፣ ከአምቡላንስ መጥሪያው 907 ጋር።

ቤተሰብ ሆናችሁ ከተጠራችሁ ደግሞ ማሽኑ ብዙውን ጊዜ ሳትጠየቁ ገብቶ ነው የምትደርሱት፤ ጊዜ ስለሌለ ነው፣ ንቀት አይደለም። የእናንተ ምርጫ የሚመጣው ቀጥሎ ነው። ራስጌው ላይ የጸበል ጠርሙስ ሲቀመጥ አይቻለሁ፣ ቁርዓን በስልክ ዝግ ብሎ ሲከፈትም አይቻለሁ፣ ማንም አይከለክላችሁም። ግን ሐኪሙን እነዚህን ጠይቁት፦ ከወደቀ እስከ ኤክሞ ስንት ደቂቃ ነበር? ልቡ ራሱ እየመታ ነው ወይ? አንጎሉን መቼ ነው የምትመዝኑት? (ቸኩለው አይመዝኑም፣ ማደንዘዣው ከሰውነቱ መውጣት አለበት፣ ቀናት ይፈጃል።) ልቡ ካልተነሳ ቀጣዩ ምንድን ነው? አሜሪካ ከሆናችሁ አስተርጓሚ በነፃ የማግኘት መብት አላችሁ። እባካችሁ፣ የ14 ዓመት ልጃችሁን «ማሽኑን እናጥፋው ወይ» የሚል ነገር አታስተርጉሙት።

ወደ እህትየው ልመለስ። ከ3 ወር በኋላ ቤቷ ሄጄ ነገርኳት። ወንድሟ ሲወድቅ ሚስቱ ማድ ቤት ነበረች፣ ሬዲዮ ተከፍቷል፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ማንም አያውቅም። ልጆቹ ደውለዋል፣ ደረቱን የነካው ግን አልነበረም፤ ማንም አላስተማራቸውም። ፓራሜዲኮቹ ሲደርሱ የልቡ መስመር ቀጥ ብሎ ነበር፣ ሾክ የሚደረግለት ዓይነት አልነበረም። ትራኩ በር ላይ ቆሞ ቢሆን እንኳ አይወስደውም ነበር አልኳት። አለቀሰች። ቀጥላ ግን የጠየቀችኝ ስለ ማሽኑ አልነበረም። «እኔ መጫን እችላለሁ ወይ?» አለችኝ፣ ጉልበቷን እያሳየችኝ፣ ያማታል።

ሶፋው ላይ ያለውን ትራስ ወለሉ ላይ አወረድኩት። ሁለት መዳፍ መሐል ደረት ላይ፣ ክንድ ቀጥ፣ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120። ጎድን አጥንት ሊሰበር ይችላል፣ አትቁሚ። ስልኩ ስፒከር ላይ ይሁን፤ እዚህ 911፣ እስራኤል 101፣ አውሮፓ 112፣ ዱባይ 998፣ ሪያድ 997። እንግሊዝኛው ካስቸገረሽ «አማሪክ» በያቸው፣ ብዙ ቦታ በስልክ አስተርጓሚ ያገናኛሉ። ሁለት ደቂቃ ሳትሞላ ደከማት፤ ሁሉም ይደክመዋል፣ ለዚህ ነው መፈራረቅ ያለው። ልጇን ጠራናት፣ ተፈራረቁ።

የሚቀጥለው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ኤኢዲው የት እንዳለ ጠየቅኩ። አለ አሉኝ። ቢሮ ውስጥ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ቁልፉ አንድ ሰው ጋ፣ ሰውየው አገር ቤት ሄዷል። ሦስት ሳምንት ጨቀጨቅኳቸው። አሁን መግቢያው ላይ ተሰቅሏል፣ ከጫማ መደርደሪያው በላይ፣ ቁልፍ የለውም።